ጥያቄ አጠያየቃችንን ላቃኑልን መምህር ምስጋና፣ ለድሬ ትምህርት ቤቶችም ጥቆማ

ሰላም የድሬ መምህራን! ሳቢያን አካባቢ የምናስተምር መምህራን ነን። ከመምህራን ማሠልጠኛ በጡረታ ወጥተው ዛሬም ክፍል ለክፍል እየዞሩ የሚያግዙንን መምህራችንን በአደባባይ ልናመሰግን፣ እናንተም እንድትጠቀሙባቸው ልንጠቁም ነው። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እናገናኛለን።

የሚያዩት አንድ ነገር ነው፦ አስተማሪው እንዴት እንደሚጠይቅ። አዳራሽ ሰብስበው ንግግር አያደርጉም። የተማሪዎቹ አቀማመጥ የተሳለበት ወረቀት ይዘው ከኋላ ዴስክ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱን ጥያቄ እንደተነገረ ይጽፋሉ፤ አስተማሪው ስንት ሰከንድ እንደታገሠ ይይዛሉ፤ የመለሰው ልጅ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ጭረት ያሰምራሉ። 40 ደቂቃው ሲያልቅ ወረቀቱን ለአስተማሪው ያስረክቡታል። አብዛኛውን ጊዜ ጭረቱ በፊተኛውና በመሃለኛው ረድፍ ተከማችቶ፣ የመስኮቱ ጥግ ባዶውን ይገኛል። ወረቀቱ ለርዕሰ መምህር አይሄድም፣ ለሥራ አፈጻጸም ምዘናም አይውልም። ይህን ከመጀመሪያው ስለሚያስታውቁ ማንም አይሸማቀቅባቸውም።

ቀድመው የሚያስተዉት ልማድ «ገባችሁ?» ማለትን ነው። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ!» ነው። «ፎቶ...» ብሎ ጀምሮ ክፍሉ «...ሲንተሲስ!» ብሎ እንዲጨርስ መጠበቅም ያው ነው፤ 60 ልጅ ባንድ ላይ ሲጮህ ያወቀውና የተከተለው አይለይም። በምትኩ «ሁላችሁም አንድ መስመር ጻፉ» ብሎ በዴስኮቹ መሃል መዞር በቂ ነው። የማን ደብተር ባዶ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን ያስይዛሉ፦ ጥያቄ፣ ዝምታ፣ ከዚያ ስም። ስም ከቀደመ የቀሩት ልጆች ማሰባቸውን ያቆማሉ። ዝምታው ቢያንስ 3 ሰከንድ ይሁን። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እንዳሳዩት አስተማሪዎች ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ 3 ሲሞላ መልሱ ይረዝማል፣ «አላውቅም» የሚለው ይቀንሳል። ልጁ መልሶ እንደጨረሰም እንዲሁ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ጥሩው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ዝምታውን የሚያበላሸው አስተማሪው ጭንቅ ብሎት ጥያቄውን በሌላ ቃል መድገሙ ነው። ልጆቹ ሁለተኛው ሌላ ጥያቄ ይመስላቸውና የጀመሩትን ሐሳብ ይጥሉታል።

ጥያቄ ሲያዘጋጁ ማየት ደግሞ ትልቅ ትምህርት ነው። ድሬዳዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነው የደቻቱ ወንዝ ነው እንበል። «ደቻቱ ከየት ይነሳል?» የሚለው ለማስታወስ ብቻ ነው፤ ለማሟሟቂያ ግን ይጠቅማል። ከዚያ «ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ እንዴት ድንገት ጎርፍ ይመጣል?» ይላሉ። እዚህ ላይ ልጁ የደጋውን ዝናብ፣ ቁልቁለቱንና የተራቆተውን ተራራ ማገናኘት ግድ ይለዋል። የ1998ቱን ጎርፍ ከቤተሰቡ ያልሰማ የድሬ ልጅ ስለማይኖር ሁሉም የሚለው አያጣም። በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያሉ ከ3 እስከ 5 ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሁሉም ሌሰን ፕላኑ ላይ ከሚጠበቀው መልስና ልጆች ሊሳሳቱ ከሚችሉበት ቦታ ጋር ይጻፋሉ። የስሕተቱን ቦታ አስቀድሞ ያላሰበ አስተማሪ፣ ስሕተቱ ሲመጣ «ተቀመጥ፣ ሌላ!» ከማለት በቀር መላ የለውም።

ስሕተት ሲሰማ «እንዴት እዚያ ደረስክ?» ይባላል፤ ትክክል የሆነው ክፍል ይነሳል፤ ሌላ ልጅ ይጨምርበታል። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ልጅ ተመልሶ መልሱን በራሱ አፍ ማስነገር ግድ ነው። ይህ መመለስ ከተዘለለ ልጁ ሁለተኛ እጁን አያወጣም።

ስም በዕጣ ለመጥራት የደብተር ሽፋን ተቆርጦ ስም ይጻፍበታል። የወጣው ካርድ ወደ ሳጥኑ ይመለስ፤ ካልተመለሰ የተጠራው ልጅ እስከ ደወል ያርፋል።

በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያስቡ ልጆች ያሉበት ክፍል፣ በተለይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ከመልስ በፊት 1 ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ ከጎን ካለ ጓደኛ ጋር ይመካከሩ። ዴስኩ ሦስት ልጅ ከያዘ በሦስት ይሁን፣ ግን መልሱን የሚናገረው ማን እንደሆነ አስተማሪው ይምረጥ። አለበለዚያ ሁልጊዜ ጎበዙ ይናገራል።

ውለታዎን አንረሳውም መምህራችን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ለመጋበዝ የምትፈልጉ፣ የአንድ ቀን ሥልጠናና ሰርተፊኬት ከሆነ የምትሹት እሳቸው አይደሉም። አንድ አስተማሪ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ በመሃሉ አንድ ልማድ ብቻ መርጦ ይለማመዳል። የክፍሉን የመቀመጫ ካርታ ከነስሙ አዘጋጅታችሁ ጠብቋቸው። ምልከታው እንዳለቀ በዚያው ቀን ከአስተማሪው ጋር ቁጭ የሚሉበት ሰዓትም አስቀድማችሁ ያዙላቸው።