«ይሞቃል» የተባለ መጋዘን ከመከራየታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ለሥራ ራቅ ወዳለ ቦታ ስሄድ የቤት ዕቃዬን በሙሉ መጋዘን ተከራይቼ አስገባሁ። 14 ወር ቆየ። አከራዩ በስልክ «ሕንፃው ይሞቃል፣ ምንም አታስቢ» ብሎኝ ነበር። አመንኩት።

ተመልሼ በሩን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ፍራሹ በሻጋታ ጠቋቁሯል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ፓምፕ ተሰንጥቋል። የእናቴ ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ላላቅቃቸው ስሞክር ላያቸው እየተላጠ መጣ። ያንጊዜ አለቀስኩ።

ውሉን አውጥቼ አነበብኩ። «ይሞቃል» የሚል ነገር የለበትም። «የሕንፃ ውስጥ ክፍል» ይላል፣ በቃ። ስጠይቃቸው ማሞቂያው የሚበራው የሕንፃው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳያፈነዳው ያህል ነው አሉኝ። በየወሩ ስከፍለው የነበረው ኢንሹራንስም እሳትና ስርቆት እንጂ ሻጋታ፣ እርጥበትና አይጥ አይሸፍንም። ይህም በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ፈርሜበታለሁ።

ማወቅ ያለባችሁ ዋናው ነገር ይህ ነው። «ይሞቃል» ማለትና «እርጥበቱ ቁጥጥር ይደረግበታል» ማለት ለየቅል ናቸው። ደረቅ ብርድን ሶፋም አልጋም ይችለዋል። ዕቃ የሚፈጀው ሞቅ ቀዝቀዝ የሚል ክፍል ነው። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ብረት ወይም መስታወት ሲነካ ያንን እርጥበት እዚያው ያራግፈዋል። ውሃው ወደ ካርቶኑ ይወርዳል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ደግሞ ሻጋታ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ በብርዱ ወራት ክፍሉ ውስጥ ዝቅተኛው ሙቀት ስንት ነው? እርጥበቱስ ከስንት በመቶ አይበልጥም? መልሱ ውሉ ላይ ይጻፍ። «እሱማ የታወቀ ነው» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

እኔም ያጠፋሁት አለ። ፍራሹን በላስቲክ ጥቅልል አድርጌ በፕላስተር አሸግኩት። ከአቧራ የጠበቅኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከቤት ይዞት የወጣውን እርጥበት አብሬ ቆልፌበታለሁ። አየር በሚያስገባ ጨርቅ መሸፈን ነበረብኝ። ዕቃውን ከሲሚንቶው ወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቁት።

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የማሽኔን ፓምፕ የሰነጠቀው ከታች የቀረች ጥቂት ውሃ ናት። ቱቦውንም ማጣሪያውንም እስከ መጨረሻው አፍስሱ። ፍሪጁን አድርቁትና በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። የሪሞትና የሰዓት ባትሪ አውጡ፤ ሲቆይ ያፈስና መሣሪያውን ይበላዋል። የውሃ ቀለምና በጠርሙስ ያለ ማንኛውም ፈሳሽ እዚያ አይግባ። አይጥ ደግሞ 6 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ቀዳዳ ትገባለች። ከመፈረማችሁ በፊት በባትሪ መብራት ጥጋጥጉን እዩ፣ የበሩን ሥር እዩ፣ ክፍሉን አሽትቱት። አሽትቱት ስል የምሬን ነው፤ እኔ ያንን ብቻ ባደርግ ኖሮ አልከራየውም ነበር።

ዕቃችሁን ስታስገቡ አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ። ስታወጡት ደግሞ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ወደ ሞቀ ቤት እንደገባ አትሰኩ። ውስጡ ጤዛ ይይዛል። አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ።

የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ ግን የትኛውም መጋዘን አታስገቡ። ለእህት፣ ለወንድም፣ ለጓደኛ፣ ሰው ለሚኖርበት ቤት አደራ ስጡ። አንዲት ካርቶን ናት፣ የማንንም ቤት አታጣብብም።