የእህቴን የሰርግ ሰዓት የመረጠልን ፎቶ አንሺ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት።

ባለፈው ጥር እህቴን ሐዋሳ ላይ ድረናል። ሰርጉ ያማረው በብዙ ሰው ድካም ነው። ዘመድ ጎረቤቱን በየቤቱ እየሄድን አመስግነናል። አንድ ሰው ግን በአደባባይ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ፎቶ አንሺያችን። ፎቶዎቹ እንዴት እንዳማሩ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። እኔ የምጽፈው ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ስለሠራልን ሥራ ነው። የቃል ኪዳኑን ሰዓት የመረጠልን እሱ ነው።

ሙሽሮቹ ቃል የሚገቡት ሐይቁ ዳር እንዲሆን ከፓስተራቸው ጋር ተስማምተው ነበር። ቦታ ተገኘ። ሰፊ ሣር፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ውኃው ቅርብ። ሰዓቱ ላይ ግን ቤቱ ተከፋፈለ። አባታችን ከቀኑ 6 ሰዓት አሉ። «ሰርግ ምሳ ነው፤ የተጠራ ሰው ሆዱን ይዞ እስከ ማታ አይቀመጥም» ብለው ቁርጥ አደረጉት። እህቴ ጠዋት 3 ሰዓትን መረጠች፤ ሐይቁ ጠዋት ዘይት መስሎ ይተኛል፣ እሷም ያንን ነው ያለመችው። የሙሽራው ወገን ደግሞ በምሽት፣ በመብራት ይሁን አሉ። ሁሉም ምክንያት ነበረው። ሁሉም ደግሞ ልቡን ሰጥቶ ነው የተከራከረው።

ፎቶ አንሺው ጋ ቀብድ ልንከፍል ስንደውል ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት «መጀመሪያ ቦታውን ልየው» አለ።

«በስንት ሰዓት ይመችሃል?» አልነው።

«በተባሉት ሰዓቶች ሁሉ» አለ።

እውነትም መጣ። ጠዋት መጣ፣ ቀን መጣ፣ ከሰዓት መጣ። ለዚህ አንድ ብር አልጠየቀንም።

እዚህ ላይ የሐዋሳን አቀማመጥ ልብ በሉ። ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ከከተማው ወገን ለቆመ ሰው ሐይቁ በምዕራብ በኩል ነው፤ ፀሐይም የምትጠልቀው ከሐይቁ ማዶ ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ አመሻሽ ላይ ተቀምጦ ቡና የጠጣ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሰርግ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ጣጣ አለው። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ ውኃው አዙሮ ይደረድራል፤ ሙሽሮቹ ውኃውን ከጀርባ አድርገው ይቆማሉ። ከሰዓት በኋላ እንዲህ ከሆነ ፀሐይዋ ፊት ለፊት የእንግዳውን ዓይን ትመታለች። ሽማግሌዎቹ በእጃቸው ግንባራቸውን ከልለው ነው የሚያዩት። ሙሽሮቹ ደግሞ በፎቶ ላይ ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ጠዋት ከሆነ ይገለበጣል። ፀሐይዋ ከከተማው በኩል ስለምትመጣ እንግዳው ይመቸዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቆሙት ሙሽሮቹ ናቸው።

ይህን ሁሉ በቃል አልነገረንም፤ አሳየን እንጂ። በተለይ አባታችንን ያሳመነበት መንገድ እስካሁን ይደንቀኛል። እሳቸው ያለ ባርኔጣ ከቤት አይወጡም። ልክ በስድስት ሰዓት «ጋሼ፣ እስኪ እዚህ ጋ ቁሙልኝ» አላቸው። በስልኩ አንድ ፎቶ አነሳ። 11 ሰዓት ላይ እዚያው ቦታ፣ ወደ ጎን ዞር አድርጎ አቆማቸውና ደገመ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳያቸው። በመጀመሪያው ከባርኔጣው በታች ያለው ፊት ጥቁር ነው፤ ዓይናቸው የለም። በሁለተኛው ከዓይናቸው ጥግ ያሉት መስመሮች ሳይቀሩ ይታያሉ። ጢማቸው ላይ ያለው ሽበት ወርቅማ ሆኗል። አባታችን ስልኩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲህ ምሳውን እናንተ ፈልጉለት» ብለው መለሱለት። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ምሳውም መፍትሔ አገኘ። ከሩቅ ለመጣ ቤተ ዘመድ ቤት ውስጥ ቀለል ያለ ምሳ ተሰናዳ፤ ዋናው ግብዣ ወደ እራት ዞረ።

የጠዋቱን ነገር እሱ ራሱ ይወደዋል። ውኃው ጸጥ ያለ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ የዓሣ ገበያው ባለበት በአሞራ ገደል በኩል ዓሣ አጥማጆቹ ሲገቡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ግን እህቴን ቁጭ አድርጎ ጠየቃት። ለ3 ሰዓት ቃል ኪዳን ሜካፑ በስንት ሰዓት ይጀመራል? ጸጉሩስ? ሚዜዎቹስ? ሲሰላ ሙሽሪት ሌሊት 9 ሰዓት መነሳት አለባት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል፤ ወይ ሌሊት መንዳት ወይ አንድ ቀን ቀድሞ አልጋ መያዝ ነው። ለሁሉም አልጋ መያዝ አቅማችን አልነበረም። እህቴ አሰበችበትና ጠዋቱን ተወችው። ቅር እንዳይላት ግን በማግስቱ ማለዳ ሁለቱን ብቻ ሐይቁ ዳር ወስዶ አነሳቸው። በውላችን ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው።

ነፋሱንም ያነሳብን እሱ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቶሎ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ቀዝቃዛው ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል። ሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ማዕበሏ የሚነሳው በዚህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታውን ስናይ የእናታችን ነጠላ ትከሻዋ ላይ አልረጋ አለ። ቬሎና የአበባ ቅስት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ወደ 11 ሰዓት ግን ረገብ አለ። ዲኮር ሠሪዋን እዚያው ጠርቶ ቅስቱ ከሥሩ በከባድ ነገር እንዲያዝ ተነጋገሩ። ዲጄውንም ለማይክሮፎኑ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ እንዳይረሳ አስታወሰው። አንድ ፎቶ አንሺ የሌላውን ሰው ሥራ እንዲህ ሲያስብ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ኋላ ቆጠረ። በጥር ሐዋሳ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኛ አገር በክረምትና በበጋ ያለው ልዩነት ብዙ አይደለም። በኅዳር መግቢያ 12 ሰዓት ከ5 ገደማ ትጠልቃለች፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ከ45። ግን እነዚህ ደቂቃዎች ለሰርግ ትልቅ ናቸው። ከማዶ ደግሞ ኮረብታ አለ፤ ስልኩ ከሚለው ቀደም ብላ ከኮረብታው ጀርባ ትገባለች። ከጠለቀች በኋላም ብርሃኑ የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ነው፣ ከዚያ ድቅድቅ ይላል። ስለዚህ ቃል ኪዳኑ 11 ሰዓት እንዲጀመር፣ 20 ጉዳይ ለ12 እንዲያልቅ፣ የቀረው ለቤተሰብና ለሙሽሮች ፎቶ እንዲሆን አደረገ። ጥሪ ካርዱ ላይ 10 ሰዓት ተባለ። የሐበሻን ቀጠሮ እናውቀዋለን፤ በቀደመው ሰዓት ውስጥ ለስላሳና ቆሎ ዞረ፣ ማንም አልተቸገረም። ከውጭ ለሚመጡት ዘመዶች ካርዱ ላይ የእነሱም አቆጣጠር ተጻፈ።

ወንበሮቹስ? ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ሰሜን ዞሩ። ሐይቁ በግራ ሆነ፣ ፀሐይዋ በጎን መጣች። የማንም ዓይን አልተጨፈነም። ሁሉም ውኃውንም ሙሽሮቹንም አየ። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፤ ግን እኛ ቤት ማንም አላሰበውም ነበር።

የቀኑን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ፓስተሩ ሲጸልዩ እሱ የት እንደነበር አላየሁትም። የእንግዳ ፊት ላይ አልቆመም፣ «እንደገና አጥልቁ» አላለም። ቀለበቱ ሲገባ የተነሳው ፎቶ ግን አለ። ከፊት የእህቴ ጣት ነው። ከኋላ፣ ደብዘዝ ብላ፣ እናታችን የነጠላዋን ጥለት አፏ ላይ ይዛ ትታያለች። ብርሃኑ ጥለቱ ላይ አርፏል። እናታችን ይህን ፎቶ በየቀኑ ነው የምታየው።

ኬኩ እስከ እራት አዳራሽ ውስጥ ቆየ፤ ሐይቁ ዳር ያሉት ጦጣዎች ለማንም እንደማይራሩ እሱ ቀድሞ አስጠንቅቆናል። ብርሃኑ ሲያልቅ ሁላችንም ወደ ውስጥ ገባን። ይህም የታሰበበት ነው። ሲመሽ ቢምቢው ይነሳል፣ የጥር ብርድ ለሽማግሌ አይሆንም፣ ሐይቁም ጉማሬ አለው፤ ጉማሬ ደግሞ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው። በጨለማ ልጆች ወደ ውኃው እንዲሄዱ አይፈለግም።

ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ያላችሁ ግን የእኛን ሰዓት ዝም ብላችሁ አትቅዱ። በሚያዝያና በግንቦት ሐዋሳ የዝናብ ጊዜዋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይጠቁራል። ቀትሩም የባሰ ነው፤ በመጋቢት መጨረሻ ፀሐይዋ እዚህ ልክ በአናት ላይ ታልፋለች፣ በሚያዝያም ብዙ አልራቀችም። ለእነዚህ ወራት እሱ ጠዋትን ነው የሚመክረው፣ ድንኳን ተጠባባቂ ሆኖ።

ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ርካሽ አልለውም። አልበሙን ባለው ቀን አስረክቧል፣ ሶፍት ኮፒውን ሳይቀንስ ሰጥቷል። ቪዲዮ እሱ አይሠራም፤ ለዚያ ሌላ ሰው መያዝ አለባችሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እጅህ ይባረክ። አባባም «ያ ልጅ ደህና ነው?» እያሉ ይጠይቁሃል። ቤታችን ቤትህ ነው፣ ስታልፍ ጎራ በል።

ስልኩን ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መለጠፍ ስላልፈለግሁ ነው እንጂ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ለጥር ያሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ደውሉለት፣ ጥር ቶሎ ነው የሚያዝበት። ስትደውሉ ደግሞ ሰዓቱን ጨርሳችሁ አትወስኑ፤ ቦታውን ንገሩትና መጥቶ ይየው።