የሙራኖ ብርጭቆና ናስ የግድግዳ መብራት፦ ዋጋው ለብርጭቆው፣ ጣጣው ከመጋጠሚያው

የሙራኖ የግድግዳ መብራት ውድ የሚሆነው በትንፋሽ በሚነፋው ብርጭቆ ነው። የሚበላሸው ግን በአብዛኛው ብርጭቆውና ናሱ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

የጣሊያኗ ቬኒስ እሳት ፈርታ የብርጭቆ ምድጃዎቿን ወደ ሙራኖ ደሴት ያዛወረችው በ1291 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ግን ስሙን ማንም ይለጥፈዋል። ቬኒስ የምትገኝበት የቬኔቶ ክልል በ1994 እ.ኤ.አ. በሕግ ያቋቋመው «ቬትሮ አርቲስቲኮ ሙራኖ» የተባለው ምልክት ካለ ጥሩ፤ ከሌለና ሻጩም የተሠራበትን ቤት መናገር ካቃተው ለስሙ ብቻ ጭማሪ አይክፈሉ። ጥቃቅን አረፋ፣ ወይም በጥንድ በሚሸጡ መብራቶች መካከል ያለ ትንሽ የመጠን ልዩነት፣ የእጅ ሥራ ጠባይ ነው። ከአፉ ጠርዝ የተነሣ ስንጥቅ ግን የጥፍር ያህል ቢሆንም ይመለስ፤ ሙቀት ያረዝመዋል።

ናሱን በማግኔት ይሞክሩት። ከያዘ ውስጡ ብረት ነው፣ ናሱ ቅብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። ብርጭቆውን የናስ ቀለበት በሦስት ትንንሽ ብሎኖች ይይዘዋል። ናስ ሲሞቅ ከብርጭቆ እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ስለዚህ መብራቱ እንደጋለ «ላላ» ብሎ ያጠበቀ ሰው ማታ ሲቀዘቅዝ አንገቱ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ቀዝቃዛ ሳለ ብሎኑ ብርጭቆውን እስኪነካ በጣት ያዙሩት፣ ከዚያ ሩብ ዙር ይመልሱ። አምፖሉም 4 ዋት ኤልኢዲ ይሁን፤ የድሮውን የ40 ዋት ብርሃን ያህል ይሰጣል፣ ሙቀቱ ግን ትንሽ ነው።

የብሎኬት ግድግዳ ላይ ክፍት ሆዱን ከበሱት ፊሸሩ ይሽከረከራል፤ ድፍኑን ቦታ ይፈልጉ። ናስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና አረንጓዴና ቢጫው የኤርዝ ሽቦ የግድ ይታሰር። ከግድግዳው ሁለት ሽቦ ብቻ ከወጣ ሦስተኛው እስኪገባ አይሰቀልም።

ለማጽዳት ብሬከሩን አጥፍተው ብርጭቆውን ያውርዱ። ፎጣ በተነጠፈበት ሳፋ፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠብ። የመስታወት ማጽጃ ግን መብራቱ ላይ አይረጭ። አንዳንዱ አሞኒያ አለበት፣ አሞኒያ ደግሞ የተወጠረ ናስን ይሰነጥቃል። እንግሊዞች በሕንድ በዝናብ ወራት የፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቹት የናስ የጥይት ቀለሃ የተሰነጠቀው ከፈረስ ሽንት በሚወጣው አሞኒያ ነበር።

ናሱን ከመፈተግዎ በፊት ቫርኒሽ እንዳለው ይወቁ። ከጀርባው በናስ ማወልወያ ክሬም ሲታሽ ጨርቁ ከጠቆረ እርቃን ናስ ነው፤ ካልጠቆረ ቫርኒሽ አለው። እርቃኑን በሎሚ ማሸት ይቻላል፣ ወዲያው ግን ታጥቦ ይድረቅ። አሲዱ ከቆየ ዚንኩን በልቶ ገጹን ሮዝማ ያደርገዋል። አመድ ያብለጨልጫል፣ ግን ይጭራል። ቫርኒሽ ያለው እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ቫርኒሹ አንዴ ከተላጠ ከሥሩ ጥቁረቱ ይስፋፋል፣ ጠጋ መቀባት ደግሞ ዥንጉርጉር ያደርገዋል፤ ሙሉ በሙሉ ተገፎ እንደ አዲስ መቀባት ወይም እርቃኑን መተው ነው።