ብሬክፖይንት አልይዝ ላላችሁ የጅማ ልጆች፦ ይቺን ባለሙያ ፈልጓት

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የምትሠራ አንዲት እህታችን የአንድ ቡና መጋዘን የሚዛን ፕሮግራም ላይ የነበረን ጥፋት በ2 ቀን ፈልጋ ያስተካከለችበትን ሥራ ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። እጅሽ ይባረክ! ጅማም ሆነ አጋሮ ከርቀት ማሽን ጋር የምትታገሉ ስላላችሁ፣ የሄደችበትን መንገድ በዝርዝር ጽፈነዋል።

ፕሮግራሙ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን መጋዘኑ ውስጥ ባለች ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ይሠራል። ለ6 ሚዛን 6 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል)፣ ዳታቤዝ የሚጽፍ 1፣ ከሰርቨር ጋር የሚገናኝ 1፤ በድምሩ 8። ጥፋት መፈለጊያው ጂዲቢ ላፕቶፕ ላይ፣ ትእዛዙን የሚቀበለው ጂዲቢ ሰርቨር ፓይዋ ላይ፣ መሃል ያለው መስመር የሲም ካርድ ኢንተርኔት ነው። 4ኛው ሚዛን አልፎ አልፎ ከዜሮ በታች ኪሎ ይመዘግባል። ብሬክፖይንቱ (ፕሮግራሙን በተመረጠ የኮድ መስመር ላይ የሚያቆመው ምልክት) ግን ወይ አይዝም፣ ወይ ሲይዝ ፓይዋ ጠፍታ ትነሳለች።

ኮዱን ከመንካቷ በፊት የላፕቶፑንና የፓይዋን የፕሮግራም ፋይሎች ቢልድ አይዲ (የእያንዳንዱ ቢልድ መለያ) አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠች። 40 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ገና ከመጀመሪያው አይገጥምም። ፓይዋ ላይ ያለው የቆየ ስለነበር ብሬክፖይንቱ የሚተከለው ሌላ አድራሻ ላይ ነበር። በኦጂና በጂ (ለጥፋት ፍለጋ በሚያመቹት የኮምፓይለር ምርጫዎች) ኮምፓይል አድርጋ ሲምቦል (አድራሻን ከኮዱ ስምና መስመር ጋር የሚያያይዝ መረጃ) ያለበትን ፋይል ላፕቶፑ ላይ አስቀረች፤ ከዚያው ቢልድ ሲምቦሉ የተራገፈለትን ወደ ፓይዋ ላከች። ሲምቦል የሚፈለገው ጂዲቢ ባለበት በኩል ብቻ ስለሆነ በቀጭን መስመር ትልቅ ፋይል መጫን አያስፈልግም። የፓይዋንም ላይብረሪዎች አንዴ ቀድታ ሲስሩትን (ጂዲቢ ላይብረሪ የሚፈልግበትን ቦታ) ወደዚያ ፎልደር አዞረችው። ያለዚያ ጂዲቢ በተገናኘ ቁጥር ሁሉንም በኔትወርክ ይስባል። የላፕቶፑን ላይብረሪ መስጠት ደግሞ አድራሻውን ሁሉ ያዛባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅድመ ሁኔታ ያለው ብሬክፖይንት ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታው የሚዛኑን ስም በጽሑፍ ያወዳድር ነበር፤ ይህ ፈንክሽን መጥራት ስለሚጠይቅ ጂዲቢ ሰርቨር እዚያው ሊፈትሸው አይችልም፣ እያንዳንዱ ምት (ፕሮግራሙ ብሬክፖይንቱን በነካ ቁጥር) ላፕቶፕ ድረስ ይመላለሳል። 6 ሚዛን በሰከንድ 10 ጊዜ ሲያነብ 60 ምት ነው፤ ደርሶ መልሱ 200 ሚሊሰከንድ ቢሆን የ1 ሰከንድ ሥራ ቢያንስ 12 ሰከንድ ይፈጃል። ፕሮግራሙ የተንጠለጠለ የሚመስለው ለዚህ ነው። የጽሑፉን ንጽጽር በሚዛን ቁጥር፣ ማለትም በ4 ተካችው። ፓይዋ ራሷ ፈትሻ ማለፍ ጀመረች።

ፓይዋ የምትጠፋውስ? በተለመደው አሠራር አንድ ትሬድ ሲያዝ ስምንቱም ይቆማሉ። ዋችዶጉን (ምልክት ሲያጣ ማሽኑን የሚያስነሳውን ሰዓት ቆጣሪ) የሚቀሰቅሰው ትሬድም አብሮ ስለሚቆም በ15 ሰከንድ ውስጥ ማሽኑ ሪስታርት ያደርጋል። ኖን ስቶፕ የሚባለውን የጂዲቢ አሠራር ከመገናኘቷ በፊት አበራች (ከተገናኙ በኋላ አይሆንም)፤ ከዚያ ወዲህ የሚቆመው የተያዘው ትሬድ ብቻ ሆነ። ይህም ብቻውን አልበቃም። ብሬክፖይንቱ ሚውቴክስ (ትሬዶች ተራ የሚጠባበቁበት ቁልፍ) ተቆልፎ ባለበት መስመር ላይ ስለነበር ሌሎቹ ትሬዶች ቁልፉን ሲጠብቁ ያው መቆማቸው አልቀረም። 2 መስመር ዝቅ አድርጋ፣ ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ተከለችው።

በሦስተኛው ምት ጥፋቱ ታየ፦ ንባቡን የሚተረጉመው ፈንክሽን ውስጥ ስታቲክ የሆነ (ሁሉም ትሬድ የሚጋራው) በፈር፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ ነበር፤ ስድስቱም ትሬዶች እላዩ ላይ ይጽፉበታል። በፈሩን ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱ አደረገችው።

ሌላም የምናደንቅላት ነገር አለ፦ ጂዲቢ ሰርቨር የይለፍ ቃል ስለማይጠይቅ ፖርቱን ለኢንተርኔት ክፍት አትተውም፤ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ መስመር) በኩል ብቻ ታሳልፋለች፣ ስትጨርስ ትዘጋዋለች።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ስልኳን እንሰጣችኋለን። ከመደወላችሁ በፊት ማሽኑ ላይ የሚሠራው ፋይል የወጣበትን የኮድ ቅጂና የኤስኤስኤች መግቢያ አዘጋጁላት፤ የመጀመሪያው ግማሽ ቀን የሚያልቀው እነዚህን በመፈለግ ነው።