ለአባቴ የተደረገለት «የክብር ሕክምና»፦ የሰጠንና የጎደለው

አባቴ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ከታወቀ ከሰባት ወር በኋላ፣ ቤት ድረስ እየመጣ ሕመም የሚያስታግስ የሕክምና ቡድን ይከታተለው ጀመር። ቡድኑ ሐኪም፣ ነርስ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛና የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረው። ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች መካከል አንዱን ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም፤ በሙያው ዲግኒቲ ቴራፒ ይባላል፣ እኛ የክብር ሕክምና አልነው። በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ስላሳለፈው ኑሮ ይጠየቃል፣ የሚናገረው በድምፅ ይቀዳል፣ ቃሉ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦና ተስተካክሎ መልሶ ይነበብለታል፣ ሲያጸድቀውም እሱ ለመረጣቸው ሰዎች የሚተላለፍ ሰነድ ይሆናል። አባቴ ይህን ካደረገ በኋላ አምስት ሳምንት ኖሯል። ካረፈ ዓመት ስላለፈው፣ ስለ አገልግሎቱ ያየሁትን አሁን ሰከን ብዬ መጻፍ እችላለሁ። የምጽፈውም በተለይ ይህ አገልግሎት ቀርቦላቸው «በሽተኛውን ሞቱን ማስታወስ አይሆንብንም ወይ?» ብለው ለሚያመነቱ ቤተሰቦች ነው፤ እኛም ያመነታነው በዚሁ ነበርና።

እናቴ የሥነ ልቦና ባለሙያዋን ሐሳብ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «በቁሙ ሊያስለቅሱት ነው?» አለችኝ ወደ ጓዳ ስባኝ። መልስ አልነበረኝም። ይሁን እንጂ አባቴ እንደሚሞት ከማናችንም ቀድሞ የተቀበለ ሰው ነበር። ሞርፊን በትንሽ መጠን ከተጀመረለት ወዲህ ደረቱን የሚወጋው ሕመም ጋብ ብሎለታል፣ የትንፋሹም ማጠር ቀልሎለታል፤ እንቅልፍ ግን አልመጣለትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስገባ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አገኘዋለሁ። ምን እንደሚያስብ ስጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ «ሂሳብ እየሠራሁ ነው» አለኝ። የምን ሂሳብ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ነርሷ ይህን ስነግራት አልተገረመችም። በእነርሱ ሙያ ሕመም የአካል ብቻ ተደርጎ አይታይም። ነርስም፣ ማኅበራዊ ሠራተኛም፣ ሐኪምም የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ፣ ማለትም በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ሕሙማን የሚታገዙበትን ቤት ሲከፍቱ፣ የአካሉን፣ የአእምሮውን፣ የማኅበራዊ ኑሮውንና የመንፈሱን ሥቃይ አንድ ላይ «ሁለንተናዊ ሕመም» ብለው ያዩት ነበር፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የሕመም ማስታገሻ ሕክምናም የቆመው በአብዛኛው በዚህ አመለካከት ላይ ነው። ነርሷም መጀመሪያ ያደረገችው የአባቴን ጭንቀት ከጸጸቱ መለየት ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» ስትለው፣ ለእኛ አንድም ቀን ያልተናገረውን «ታፍኜ እንዳልሞት ነው» አላት። አላባበለችውም። በመጨረሻዎቹ ቀናት አተነፋፈሱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጠው፣ ያ ካልበቃ እንቅልፍ እንዲወስደው የሚያደርግ ሌላ መድኃኒት እንዳለ፣ ሌሊት የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረችው። ስልክ ቁጥሩንም በትልቁ ጽፋ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፈችው። የእናቴን የጡረታ ጉዳይ ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛው ተረከበው። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገ የሚጠይቀው እየቀነሰ ሄደ። ጭንቀት ወደ ፊት ስለሚያይ ቁርጥ ያለ መልስ ሲያገኝ ይረግባል፤ ጸጸት ግን ፊቱ ወደ ኋላ ነው፣ ነርስም ሐኪምም የሚመልሱለት ነገር የላቸውም። የክብር ሕክምናው ያስፈለገው ለዚህኛው ነበር።

ዘዴውን የቀመሩት ዶክተር ሃርቪ ቾቺኖቭ የተባሉ ካናዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። መነሻቸው በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሕሙማን ክብራቸው የተገፈፈ የሚመስላቸው በምን ምክንያት እንደሆነ ማጥናት ነበር፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ከእነርሱ በኋላ የሚቀር ነገር እንደሌለ መሰማት ሆኖ አገኙት። ጥያቄዎቹ ጥቂትና ቀላል ናቸው። ከሕይወትህ የትኛውን ይበልጥ ታስታውሳለህ፣ በሕይወት እንዳለህ አጥብቆ የተሰማህ መቼ ነበር፣ ቤተሰብህ ስለ አንተ እንዲያውቅ የምትፈልገው ምንድን ነው፣ የምትኮራበት ሥራህ የትኛው ነው፣ ለምትወዳቸው ሰዎች ያልነገርካቸው ወይም ደግመህ ልትነግራቸው የምትሻው ነገር አለ ወይ፣ ምን ትመኝላቸዋለህ፣ ከኑሮ የተማርከውስ ምንድን ነው የሚሉ ናቸው። ባለሙያዋ ጥያቄዎቹን በአንድ ገጽ አትማ ከሁለት ቀን በፊት ሰጠችው፤ ይህም መልካም አደረገች፣ ምክንያቱም አባቴ ሁለቱን ቀን ሙሉ ወረቀቱን ከትራሱ ሥር እያወጣ ያየው ነበር።

በዕለቱ መቅጃዋን ከትከሻው አጠገብ አስቀምጣ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው እያቆመች፣ ሲመለስለት «እሺ አባቴ፣ እዚያ ላይ ነበሩ» እያለች አንድ ሰዓት ያህል አነጋገረችው። አባቴ አናጺ ነበር። በሕይወት እንዳለ አጥብቆ የተሰማው መቼ እንደሆነ ስትጠይቀው የሠርጉን ቀን ወይም የእኛን መወለድ የሚያነሣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በሃያ ስድስት ዓመቱ ለብቻው የሠራትን ባለ አሥራ አራት እርከን ደረጃ አነሣ፤ ጠዋት ገጣጥሟት ሲያበቃ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ወረቀት እንኳ የሚያስገባ ክፍተት አጥቶ፣ እርከኑ ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን እንደሳቀ ተናገረ። ይህን ሲናገር ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ መላጊያ እንደሚገፋ ሰው ወደ ፊት ይሄድ ነበር። ለአፍታ ቅር አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ደስታውን አንድም ቀን ጠይቄው እንደማላውቅ ገባኝ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ «ልጄ፣ እስቲ አንቺ ውጪልን» አለኝ። ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከበሩ ማዶ ቆሜ ሳሉን፣ አንድ ጊዜም ሳቁን ሰማሁ። ባለሙያዋ ቤተሰብ እንዲገኝ መፍቀዷን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሰው ልጁ ፊት ለፊት ተቀምጣ የማይናገረው ነገር ስላለ፣ ሌሎች ቤተሰቦች ሳይጠየቁ ቢወጡ ይሻላል እላለሁ።

የአገልግሎቱ ትልቁ ሥራ ለእኔ ቃለ መጠይቁ ሳይሆን ንባቡ ነው። ጽሑፉ ዘጠኝ ገጽ ሆኖ መጣ፤ ባለሙያዋ ራሷ ቀስ ብላ ታነብለት ጀመር፤ በዚህ ጊዜ እንድቀመጥ እሱ ፈቀደልኝ። ስድስተኛው ገጽ ላይ «ወንድሜ ድካሜን በልቶ ሄደ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ሁለቱ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አቋቁመው፣ በገንዘብ ተጣልተው ከተለያዩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የሌሊቱ ሂሳብ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ባለሙያዋ ንባቧን አቁማ «ይህ ለወንድምዎ ሲደርሰው እርስዎ አጠገቡ ሆነው አያብራሩለትም። እንዲሁ ይቆይ ወይስ ይስተካከል?» አለችው። ይቅር በለው አላለችውም፣ ልሰርዘውም አላለችም። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው» አለና ከሥሩ ይህን አስጻፈ፦ «እናታችን ታማ ሳለች ደውሎልኝ ነበር፣ አላነሣሁለትም። ያን ቀን ባነሣው ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ቂም ይዤ አልቀመጥም ነበር።»

በዚያች ሌሊት ተኛ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልተኛም። ለወንድሙም አልደወለም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ጣሪያውን እያየ መቁጠሩን ተወ፣ በሌሊትም ስገባ መሮዎቹን ለማን እንደሚሰጥ ያማክረኝ ጀመር። በውስጡ ሲዞር የኖረው ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ወጥቶ፣ ለማን እንደሚደርስ ታውቆ ተቀመጠ። ጸጸቱ አልጠፋም፤ ሌት ተቀን እሱን መጠበቁ ግን ቀረለት። አጎቴ ከቀብሩ በኋላ የራሱን ቅጂ ሲቀበል ስድስተኛውን ገጽ ቆሞ አነበበ፤ ከዚያም አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ስለ ደወለበት ቀን እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር አጫወተኝ።

ጥናቶቹ የሚሉትን ለማወቅ ከዚያ ወዲህ አንብቤአለሁ፤ ከእኛ ቤት ካየሁት ጋርም ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት በካናዳና በአውስትራሊያ ከነበሩ 100 ሕሙማን 91 በመቶው በአገልግሎቱ መርካታቸውን፣ 76 በመቶው የክብር ስሜታቸው ከፍ ማለቱን፣ 47 በመቶው ደግሞ የመኖር ፍላጎታቸው መጨመሩን ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጥናት ጠንከር ያለ ነው፤ 441 ሕሙማን በዕጣ በሦስት ዓይነት አገልግሎት ተደልድለው፣ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 326 ነበሩ። በዚህኛው የክብር ሕክምናው ከሌሎቹ በተለየ ሁኔታ የሥቃይ መለኪያዎችን ሲቀንስ አልታየም። ሕሙማኑ ራሳቸው ግን ከሌሎቹ ይበልጥ እንደጠቀማቸውና ቤተሰባቸው እነርሱን የሚያይበትን ዓይን እንደለወጠው ተናግረዋል። ስለዚህ ለድብርት ወይም ለሕመም ፈውስ አድርጎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ አትቀበሉት፤ ድብርቱ ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል።

የጎደለውንም ልናገር። ጽሑፉ የደረሰን በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። የዘዴው ባለቤቶች የሕሙማኑ ጊዜ አጭር መሆኑን አውቀው በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲያልቅ ይመክራሉ፤ አባቴ ደግሞ በስምንተኛው ቀን ትኩሳት ይዞት ሲቃዥ ስላደረ፣ ቃሉ ሳይነበብለት የሚሞት መስሎኝ ነበር። ዘገየንበት ብሎ ይቅርታ የጠየቀንም የለም። ሁለተኛው ለአንባቢ ለማቅለል ሲባል የንግግሩ ለዛ መላጉ ነው። አባቴ በየመካከሉ «እንግዲህ ምን ልበልሽ» ይል ነበር፤ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ተገቢ ነው፣ የሰውየውን አነጋገር የመጽሐፍ አነጋገር ማድረግ ግን ከአገልግሎቱ ዓላማ ጋር ይጣላል። ሦስተኛውና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የድምፅ ቅጂውን አለማግኘታችን ነው፤ ጽሑፉ ሲያልቅ ድምፁ እንደሚሰረዝ የተነገረን ከተሰረዘ በኋላ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ስለዚህ ጠይቁ፣ የምትሰሙትንም መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለሁሉም ሰው አይሆንም። አእምሮው ለሚዋዥቅ፣ ጥቂት ቀናት ብቻ ለቀሩት ወይም ስለ ራሱ መናገር ለማይወድ ሰው ሸክም ነው፤ የማይፈልግን ሰው ቤተሰቡ ጓጉቶ ሊገፋው አይገባም። የሚፈልግ ከሆነ ግን ድምፁ ሳይደክም፣ ገና ትራስ ተደግፎ መቀመጥ በሚችልበት ጊዜ ይጀመር። እኛ አንድ ወር ብንቀድም ኖሮ ለወንድሙ ይደውል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አሁንም ይመላለስብኛል።

በቁሙ ሊያስለቅሱት ነው ያለችው እናቴ ሰነዱን አልጋዋ አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው የምታኖረው። ባለፈው ወር ያቺን የጥያቄ ወረቀት ከመካከሉ አውጥታ ሰጠችኝ። ጤነኛ ናት፣ አገልግሎቱም ለጤነኛ ሰው አይሰጥም፤ ስለዚህ በየእሑዱ በስልኬ እየቀዳሁ ራሴ እጠይቃታለሁ፣ ድምፁንም አልሰርዘውም። እስካሁን ሦስት ጥያቄ ጨርሰናል። ያልተነገረ ነገር አለ ወይ የምትለውን እንድዘላት አዝዛኛለች፤ «እሷን በመጨረሻ፣ አንቺ ውጭ ስትሆኚ» ብላኛለች፤ መቅጃውን እንዴት ከፍታ እንደምትዘጋም እያለማመድኳት ነው።