የዲስኩን ስም ኢንተርኔት ያምጣው ወይስ በእጅ ይጻፍ?

200 ዲስክ የሚይዝ ቼንጀር (ዲስኮችን በራሱ የሚቀያይር ማጫወቻ) ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኙ ትልቁ ሥራ ለዲስኮቹ ስም ማውጣቱ ነው። ስሙን ሶፍትዌሩ ከኢንተርኔት እንዲያመጣው መተው ይቻላል፤ አለዚያ ቁጭ ብሎ በእጅ መጻፍ ነው።

የመጀመሪያው ፈጣን ነው። አብዛኞቹ የሙዚቃ ሲዲዎች የዘፈን ርዕስ በውስጣቸው የለም። ኮምፒውተሩ የትራኮቹን ብዛትና እያንዳንዱ የሚጀምርበትን ቦታ አይቶ ከመረጃ ቋት ጋር ያመሳክራል። ከተገኘ ግልግል ነው። አንዳንዴ ግን የሌላ አልበም ስም ይለጥፍባችኋል። ቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ ከሆነማ «ትራክ 1፣ ትራክ 2» ብሎ ይተወዋል።

በእጅ መጻፍ ያደክማል። እኔ ግን የማደላው ወደዚህ ነው፤ በኋላ ፍለጋውን ያቀላል። ስሙን ዲስኩ ቼንጀሩ ውስጥ በተቀመጠበት ማስገቢያ ቁጥር ጀምሩ፣ ቁጥሩም ሦስት አሃዝ ይሁን፦ «047 የልጆች ቪዲዮ»። «47» ብቻ ካላችሁ ብዙ ፕሮግራሞች «100»ን ከፊቱ ይደረድሩታል። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ዝርዝሩን በሙሉ ያመሰቃቅላል።

በሁለቱም መንገድ አዲሱ ስም የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ተቀድቶ የተዘጋ (ሌላ ነገር እንዳይጻፍበት የተደረገ) ዲስክ ላይ ያለው ስም አይቀየርም። ስለዚህ ዝርዝሩን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ዲስክ ስታዘዋውሩም ሶፍትዌሩ እንደገና እንዲያነበው አድርጉ፤ አንዳንዱ የሚያውቀው ማስገቢያውን ብቻ ስለሆነ የድሮው ስም እዚያው ይቀራል።

ለተገዙ አልበሞች ኢንተርኔቱ ይበቃል። ራሳችሁ የቀዳችሁትን ግን በእጃችሁ ጻፉት።