ኩክሪ ከመግዛታችሁ በፊት እጀታውንና አፎቱን እዩ

ካትማንዱ፣ ታሜል ሰፈር ኩክሪ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ።

ኩክሪ የኔፓሎች ቆልማማ ቢላ ነው፣ የጉርካ ወታደሮች የሚታወቁበት። እኔን የሳበኝ ግን ጌጡ ነው። ከጎሽ ቀንድ ተቀረጸ የተባለ እጀታ፣ ከሱ ጋር የሚሄድ አፎት። ሻጩ ስለቱን እያብለጨለጨ "ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው" አለኝ። ብዙ ኩክሪ እውነትም ከባሌስትራ ነው የሚሠራው። ብረቱ ላይ አልዋሸም። የዋሸው እጀታው ላይ ነው።

ማታ ሆቴል ገብቼ መብራት ስር አየሁት። እጀታው ላይ ባለው የአበባ ጌጥ መሀል ፀጉር የምታህል መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዳለች። ፕላስቲክ ቀልጦ ሲፈስ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት ነው። በማግስቱ ሱቁ ተመልሼ የተደረደሩትን አየሁ። አበባው አንድ፣ ቅጠሉ አንድ፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ አንድ። በእጅ የተቀረጸ እንዲህ አይሆንም። የጋለ መርፌ ሳስነካው ደግሞ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተ። ቀንድ ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ነው የሚሸተው፤ የበሬ ቀንድ እሳት ሲነካው የሚያውቅ ሰው አይሳሳትም።

እጀታው የበላብኝ ገንዘብ ነው። አፎቱ ግን ጣት ይቆርጣል። ደህና አፎት ለዚያው ስለት ተለክቶ ከሁለት ስስ እንጨት ይሠራና ቆዳ ይለብሳል። የኔው ለሌላ ኩክሪ የተሠራ ነው። ገልበጥ ሳደርገው ስለቱ ሸርተት ብሎ እግሬ አጠገብ ወደቀ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ገልብጣችሁ ሞክሩት፣ እግራችሁን አርቃችሁ። ስትመዙም ጣታችሁ በስለቱ በኩል አይሁን። እንጨቱ ከተሰነጠቀ ስለቱ ቆዳውን ሰንጥቆ ይወጣል።

ከአፎቱ ጀርባ ሁለት ትንንሽ ቢላዎች ይኖራሉ። ካርዳ ለትንሽ ሥራ ነው፤ ቻክማክ ደነዝ ነው፣ ስለቱን ለመሳልና እሳት ለመጫር። የኔዎቹ በጣት ይታጠፋሉ።

እጀታው "የዝሆን ጥርስ ነው" ካሏችሁ ደግሞ ጥላችሁ ውጡ። ውሸት ከሆነ ተበላችሁ። እውነት ከሆነ ጉምሩክ ይይዛችኋል፤ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የታገደ ነው።

ገንዘቤን መልስ ብለው ሻጩ ደረሰኙን አሳየኝ። "የስጦታ ዕቃ" ነው የሚለው። ስለ ቀንድ አንድም ቃል የለበትም። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት እጀታው ከምን እንደተሠራ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አልጽፍም ካለ አትክፈሉ።